መጠጊያ፣ መጠለያ፣ መማፀኛ፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ከሰዓት ነፃ ነኝ። ብዙ ዓመት በትርጉምና በአርትዖት ሥራ ላይ ነው ያለሁት። እነዚህ ቃላት እንደ አንድ ሲደባለቁ ማየት በጣም ያመኛል፤ ጠይቁኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጽፉ «ትክክለኛው ቃል የቱ ነው?» አትበሉኝ።

ማሂ፦ ሰላም ጋሼ። መጠለያና መጠጊያ ምን ይለያቸዋል?

መጠለያ ጣሪያ ነው፣ መጠጊያ ሰው ነው። ዝናብ ሲመጣ የሱቅ በረንዳ ሥር ገብተሽ «ትንሽ ልጠለል» ትያለሽ። ባለሱቁን ላታውቂው ትችያለሽ፤ ሲያባራ ትሄጃለሽ፣ አለቀ። መጠጋት ግን ሌላ ነው። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ትከሻሽ ከማታውቂው ሰው ትከሻ ጋር ይገናኛል አይደል? ቃሉ ያ ነው። «አክስቱ ጋ ተጠግቶ ነው የሚኖረው» ሲባል ወሬው ስለ ቤቱ አይደለም፣ ስለ አክስቱ ነው። «አምላካችን መጠጊያችንና ኃይላችን» የሚለውን መዝሙር «መጠለያችን» ብለሽ አንብቢው፤ ወዲያው ይቀዘቅዛል።

ኑር፦ ጋሼ፣ የነጃሺ ታሪክስ? ሶሓባዎቹ ሐበሻ የመጡት ለመጠለያ ነው ወይስ ለመጠጊያ?

ጥሩ ጥያቄ፣ አላህ ይስጥህ። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የመጡት ሶሓባዎች፣ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች፣ ጣሪያ አጥተው አልነበረም፤ መካ ቤት ነበራቸው። ያጡት የሚቆምላቸው ሰው ነው። የመካዎቹ ቁረይሾች መልእክተኛ ልከው «መልሱልን» ሲሉ ንጉሡ ነጃሺ አሳልፎ አልሰጣቸውም። መጠጊያ የሚባለው ያ እምቢታ ነው።

ስንታየሁ፦ ካናዳ የጥገኝነት ኬዝ ላስገባ ነው፣ በምን ቢሆን ይሻላል?

ይሄ የጠበቃ ሥራ ነው። እኔ ስለ ቃል ነው የማወራው።

ቤቲ፦ «ጥገኝነት» የሚለው ቃል ሰው አያዋርድም? ጥገኛ ስንል እኮ ትላትሉን ነው የምናስበው።

ሥሩ ያው «ጠጋ» ነው። ጥግ፣ መጠጊያ፣ ጥገኛ፣ ጥገኝነት አንድ ቤተሰብ ናቸው። ጥገኝነት መጠየቅ በሕግም የጸና አነጋገር ነው፣ ነውር የለበትም። ሰውየውን ግን «ጥገኛ» አትበሉት። «ጥገኝነት ጠያቂ» በሉ። ይህንን ደግሜ እናገራለሁ፤ በየቀኑ በማርመው ጽሑፍ ላይ የማየው ስህተት ስለሆነ።

ማሂ፦ ስደተኛና ተፈናቃይስ?

ድንበር! ድንበር የተሻገረው ስደተኛ ነው፣ አገሩ ውስጥ ሆኖ ከቀዬው የተነሳው ተፈናቃይ ነው። ሁለቱንም «ስደተኛ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሕጉን ያደባልቃል። ለስደተኛው የ1951 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ደግሞ በ1969 እ.ኤ.አ. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ከወረራና ከከባድ ብጥብጥ የሸሸውንም እንዲጨምር አድርጎ አስፍቶታል። ለተፈናቃዩ ያለው የካምፓላው ነው፣ 2009 እ.ኤ.አ.። በየስምምነቱ የተሰጠው መብት ይለያያል፤ ቃሉን ስታጠፉ መብቱንም ታጠፋላችሁ።

የዳዊት ልጅ፦ መማፀኛ ማለት መለመኛ ማለት ነው?

አይደለም። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፣ ትንሽ ታገሱኝ። ግእዙ «ተማሕፀነ» ነው። ውስጡ ማሕፀን አለ። ሐፀነ ማለት አቀፈ፣ ተንከባክቦ አሳደገ ማለት ነው፤ ሕፃን የሚለውም ከዚያው ነው የመጣው። እንግዲህ «ተማፀንኩህ» የሚል ሰው ልመና ብቻ አይደለም የሚያሰማው፤ «በእጅህ እንዳለ ሕፃን ቁጠረኝ» ነው የሚለው። ስለዚህ የተማፀነን ሰው አሳልፎ መስጠት ከባድ ነውር ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35 ላይ ያሉት ስድስቱ የመማፀኛ ከተሞች ሳያስብ ነፍስ ላጠፋ ሰው የተለዩ ናቸው፦ ገብቶ ይቀመጣል፣ ደመኛው አይነካውም፣ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ግን አይወጣም። አያችሁ? ወሰን አለው፣ ጊዜ አለው፣ ደንብ አለው። በእኛም አገር አክሱም ጽዮንን የመሰሉ ቦታዎች የታወቁ መማፀኛ ነበሩ፤ ቅጥሩ ውስጥ የገባን ሰው ባለደሙም ሹሙም ጎትቶ እንዳያወጣው። መሸሸጊያ ግን ደንብ የለውም። መሸሸጊያን የሚጠብቀው አለመታወቁ ነው፣ መማፀኛን የሚጠብቀው መታወቁ ነው።

ፊደል ጠባቂ፦ በጸሎቱ ጸ ነው የሚጻፈው፣ መማጸኛ።

ማሕፀን ያልኩት ለዚህ ነው። በፀሐዩ ፀ ነው።

ፊደል ጠባቂ፦ ጋዜጣው ሁሉ ግን በጸሎቱ ጸ ነው የሚጽፈው።

የዳዊት ልጅ፦ ጋዜጣ ፊደል መጠበቅ ከተወ እኮ ቆየ።

ስለ ፊደል ሌላ ቀን እንጨቃጨቅ፣ እባካችሁ።

ሰሎሞን፦ አምባስ? አምባ መሸሸጊያ ነው።

ጥላዬ፦ እስር ቤት ነው እንጂ! ግሸን ላይ የነገሥታት ልጆች ታስረው አይደል የኖሩት?

ሰሎሞን፦ ሕፃናት አምባስ? ጀግኖች አምባስ? እስር ቤት ናቸው?

ጥላዬ፦ እሱ የሕፃናት ማሳደጊያና የጉዳተኛ ወታደሮች መኖሪያ የደርግ ጊዜ ስም ነው፣ የጥንቱ አይደለም።

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አምባ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ነው። ለመውጣት የሚያስቸግር ቦታ ለመውረድም ያስቸግራል። መቅደላን ተመልከቱ፦ ቴዎድሮስ እስረኞቻቸውን ያኖሩት እዚያ ነው፣ በ1860 ዓ.ም. የመጨረሻ ምሽጋቸውም እሱ ሆነ። የኋለኛው ዘመን ሰው ደግሞ ገደሉን ትቶ «ተሰብስቦ የሚኖርበት» የሚለውን ወሰደ። ሕፃናት አምባ ከዚያ መጣ።

ያሬድ፦ ትክክለኛው ቃል የቱ ነው? ለዋሻ።

ለምን ዋሻ? ማን ገባበት? ከምን ሸሽቶ? መጀመሪያ ላይ የለመንኩት ይህንኑ ነበር።

ያሬድ፦ ይቅርታ። አያቴ በጣሊያን ጊዜ ሰሜን ሸዋ ሰዎች የተደበቁበትን ዋሻ ያነሱ ነበር። ታሪኩን ልጽፈው ነው።

እንዲህ በለኝ እንጂ። ዋሻ የቦታው ስም ነው፣ ለሰዎቹ መሸሸጊያ ነበር። መማፀኛ ብለህ አትጻፍ፤ ከጠላታቸው ጋር የተገባ ቃል አልነበረም። በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ዘረት አካባቢ ባለው ዋሻ አርበኞች፣ ሴቶችና ልጆች አብረው ተሸሽገው ሳለ ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ተጠቅሞባቸዋል። አያትህ ያነሱት እሱን ከሆነ የተናገሩበትን ቃል አትለውጥ፣ እንዳለ ጻፈው። «ገባን» ካሉ ገባን፣ «ተከተትን» ካሉ ተከተትን።

ስንታየሁ፦ ጋሼ፣ ኬዙን ግን...

ጠበቃ፣ ስንታየሁ።

ሄለን፦ ቤት ውስጥ ጥቃት ደርሶባቸው ለሸሹ ሴቶች ቦታ የሚሰጥ ማኅበር ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። በራሪ ወረቀት እያዘጋጀን ነው። «ወደ ማረፊያ ቤታችን ይምጡ» ብለናል። መጠለያ ይሻላል?

ማረፊያ የሚለውን ያዙት፣ ደግ ቃል ነው፤ የደከመ ሰው ይሰማዋል። «ቤት» የሚለውን ግን ዛሬውኑ አውጪው። ማረፊያ ቤት ፖሊስ ተጠርጣሪ የሚያቆይበት ነው። በሌሊት ልጇን አዝላ የወጣች ሴት ያንን ካነበበች ትመለሳለች። «የሴቶች ማረፊያ» በሉ። አድራሻውን ደግሞ ወረቀቱ ላይ አታትሙ፣ ስልክ ብቻ። ወረቀቱ ሳይታተም ላኪልኝና ልየው።