የሲኤንሲ እንጨት ማሽንና ሶፍትዌሩ ላይ ያላችሁን ጥያቄ ጠይቁ

ሰላም ቤተሰብ፣ ፒያሳ አካባቢ በር፣ ኪችን ካቢኔትና የሱቅ ጽሁፍ በሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫና መቁረጫ ማሽን) ነው የምሰራው፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የቱ ሶፍትዌር ይሻላል?
ለጽሁፍና ለበር ቪካርቭ ይበቃሃል። ብዙ ሰው አርትካም ላይ ነው ያለው፣ ግን ባለቤቱ አውቶዴስክ በ2018 በፈረንጅ ሽያጩን አቁሞታል፣ ካርቬኮ በሚል ስም ነው የቀጠለው።

ጥያቄ፦ አማርኛ ስጽፍ ሳጥን ሳጥን ነው የሚመጣብኝ፣ ምን ላድርግ?
እህቴ ሶፍትዌሩ ውስጥ አትጻፊው። ኮረልድሮው ወይ ኢንክስኬፕ ላይ በዩኒኮድ ፎንት ጻፊና ወደ ከርቭ (መስመር) ቀይረሽ በዲኤክስኤፍ ፋይል አውጪው፣ ከዛ በኋላ ለማሽኑ ፊደል ሳይሆን መስመር ብቻ ነው። ፎንቱ ወፈር ያለ ይሁን፣ የ«ቋ» እና የ«ው» ቀለበት ውስጧ የምትቀረው እንጨት ፊደሉ ሲያንስ ተሰብራ ትወጣለች።

ጥያቄ፦ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) ስቆርጥ ይጨሳል፣ የቢቱን (የመቁረጫውን) ዙር ልጨምር?
አረ በፍጹም! የሚያቃጥልህ እኮ ቢቱ አንድ ቦታ ላይ መፋተጉ ነው፣ ሙቀቱን ይዞ የሚወጣው ፍቅፋቂው ስለሆነ ፍቅፋቂው ዱቄት ከሆነ ሙቀቱ ቢቱ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ዙር በጥርስ ብዛት፣ በአንድ ጥርስ ንክሻ ታባዛለህ። በደቂቃ 18000 ዙር፣ 2 ጥርስ፣ 0.2 ሚሊ ንክሻ ካልክ ፊዱ (ቢቱ እንጨቱ ላይ የሚሄድበት ፍጥነት) በደቂቃ 7200 ሚሊ ይመጣል። ማሽንህ ቀላል ፍሬም ከሆነና ያን ፍጥነት ካልቻለ ፊዱን ስትቀንስ ዙሩንም አብረህ ቀንስ፣ ሰው ሁሉ ግን ፈርቶ ፊዱን ብቻ ይቀንስና ቢቱ አይረባም ይላል። ዋንዛ ላይ ደግሞ እርጥበቱን ሳታይ አትጀምር።

ጥያቄ፦ ስራ መሀል መብራት ሲሄድስ? ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ገዝቻለሁ።
ኮምፒውተሩን ብቻ ከያዘልህ እንደውም ይብሳል ጋሼ፣ ሞተሩ ቆሞ ኮምፒውተሩ እየሄድኩ ነው ብሎ ይቆጥራል። ሊሚት ስዊች (ማሽኑ ጫፍ መድረሱን የሚያሳውቅ) ካለዎት መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ሆም ያድርጉት (ወደ መነሻ ጥጉ ይመልሱት)፣ ከዛ ከቆመበት የኮድ መስመር ትንሽ ወደኋላ ተመልሰው ያስጀምሩት። ስዊች ከሌለው ሁሌም ስራ ሲጀምሩ ዜሮው (ልኬቱ የሚጀምርበት ነጥብ) ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያስበሱ፣ እሷን ፈልገው ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ ዜድ ዜሮ (የጥልቀት መነሻው) ከላይ ነው ከታች?
ለቅርጽ ከእንጨቱ ፊት፣ በስቶ ለሚቆርጥ ከጠረጴዛው። 18 ሚሊ ተብሎ የተሸጠልህ ኤምዲኤፍ ሁሌ 18 አይደለም፣ መርካቶ ገዝታችሁ በካሊፐር ለክታችሁት ታውቃላችሁ?

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ማሽን ላይ ያው ፋይል በሩን መዳፍ አሳክሎ ቀረጸው።
ፖስት ፕሮሰሰሩ (ስራውን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚቀይረው የሶፍትዌሩ ክፍል) ነው፣ ፋይሉ በኢንች ወጥቶ ማሽኑ በሚሊ አነበበው፣ 25.4 እጥፍ ያንሳል። ፋይሉን ከፍተህ ከላይ ጂ21 (በሚሊ አንብብ የሚለው ትዕዛዝ) መኖሩን እይ።