ሦስት ቀን የበላችኝ መስመር

ልጆቼ፣ ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ላይ መሥራት ከየት ይጀመራል ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አብሽሩ፣ ከእኔ ጥፋት ጀምሩ።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ኮምቦልቻ አንድን ማሽን ከኮምፒውተር ጋር በሲሪያል ፖርት (ዳታ ተራ በተራ በሚላክበት መስመር) ለማገናኘት ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉ መሣሪያውን የሚያናግርበትን ኮድ፣ ጻፍኩ። ጻፍኩ ስል ከሌላ ድራይቨር ቀዳሁ ማለቴ ነው። ማሽኑ ዝም አለ። የተላኩ ባይቶችን ቆጣሪ ባየው ዜሮ። ኬብሉን ጠረጠርኩና የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ከደሴ ፒያሳ ሌላ ገዛሁ። ያው ዜሮ። በማግስቱ ደግሞ ወጣሁ። ነገሩ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ባይቱስ ሲላክ ከርሟል፣ ስቀዳ ቆጣሪውን የምትጨምረውን መስመር ዘልያታለሁ። ማሽኑን ዝም ያሰኘው የፓሪቲ (ስህተት ማጣሪያ ቢት) አለመግባባት ነበር፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ።

በከርነሉም ውስጥ እንዲህ ያሉ ሁለት መስመሮች ከድራይቨር ድራይቨር ሲቀዱ ኖረዋል። ባይቶች ተራቸውን የሚጠብቁበት ክብ ወረፋ ቡፈር ይባላል፣ ቀጥሎ የሚላከው ያለበት ቦታ ደግሞ ጅራቱ። አንድ ባይት ሲላክ የቡፈሩ ጅራት አንድ ይራመዳል፣ ቆጣሪው አንድ ይጨምራል። ቡፈሩ በአብዛኛው ማሽን 4096 ባይት ነው፤ ጅራቱ እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ድረስ ከ4095 ቀጥሎ ወደ 0 ይዞር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለቱን አንድ ላይ የሚሠራ «ዩአርት ኤክስሚት አድቫንስ» የሚባል ረዳት ፈንክሽን ገባ። ያኔ የኤንቪዲያ ኩባንያ የቴግራ ቺፕ ድራይቨሮች ሲታዩ ጅራቱን አራምደው ቆጣሪውን ረስተው ተገኙ። (ለካ ብቻዬን አይደለሁም አልኩ።)

እንግዲህ እነዚያን ቅጂዎች አንስታችሁ በረዳቱ ስትተኩ «ፈልግና ተካ» እንዳትሉ። ላኪውን ቁም ወይም ቀጥል የሚሉት ምልክቶች ከቡፈሩ አይወጡም፤ ሲላኩ ቆጣሪው ይጨምራል፣ ጅራቱ ግን ንቅንቅ ማለት የለበትም። እዚያ ላይ ረዳቱን ብትጠሩ ተራውን የሚጠብቅ የተጠቃሚ ባይት ሳይላክ ይጣላል። ቡፈሩ ባዶ ከሆነማ ይብሳል፤ ጅራቱ የቡፈሩን ራስ (አዲስ ባይት የሚገባበትን ቦታ) አልፎ ይሄድና፣ በዚያ ክብ ቡፈር ጊዜ 4095 ያረጁ ባይቶች ወረፋ የያዙ ይመስል ነበር። በዓይን ሲታይ ግን ያው ኮድ ነው። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ከሌላው የሚለይበት ቦታ ላይ ቁጭ በሉ፤ ወይ ስህተት ነው፣ ወይ የጻፈው ሰው እናንተ ያላያችሁትን አይቷል።

ለየድራይቨሩ ለየብቻ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ላኩ። ቆጣሪ የሚያስተካክለው ቅጂዎችን በረዳቱ ብቻ ከሚተካው ጽዳት ጋር አይቀላቀል፤ ወደ ቆዩት የከርነል ስሪቶችም መውረድ አለበት፣ ጽዳቱ ግን ቢዘገይ ማንም አይጎዳም። በ2024 ያ ክብ ቡፈር በኬፊፎ (የከርነሉ ሌላ የወረፋ አሠራር) ሲተካ የረዳቱ ሆድ ተቀየረ እንጂ እሱን የሚጠሩበት መንገድ አልተቀየረም።

ፓቹን ከመላኩ በፊት ሊያሳየኝ የሚፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ይምጣ። ኬብል የቸገረውም ካለ፣ ምንም ያልሆኑ ሁለት አሉኝ።