መልስ፦ ኩሬው ላይ ያየሽው እባብ ኮተንማውዝ ነው ወይ?

ሰላም እህቴ። አትላንታ ከቤትሽ ጀርባ ባለው ኩሬ ያየሽው ወፍራም ቡናማ እባብ መርዛማው ኮተንማውዝ ይሆን ብለሽ ጠይቀሻል። ላይሆን የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። በጆርጂያ ኮተንማውዝ የሚኖረው በአብዛኛው ከኮለምበስ፣ ከሜከንና ከኦገስታ ከተሞች መስመር በስተደቡብ ባለው ረግረግ ነው። እናንተ ጋ የሚበዛው መርዝ የሌለው የውሃ እባብ ነው፤ እሱን መግደል ደግሞ በጆርጂያ ሕግ ክልክል ነው።

በቀለም አትለዪው፤ ሁለቱም ሲያረጁ ይጠቁራሉ። አዋዋኘቱን እዪ። ኮተንማውዝ መላ አካሉን ውሃው ላይ አንሳፎ ራሱን ቀና አድርጎ ይሄዳል፤ የውሃ እባብ ግን አብዛኛው አካሉ ከውሃው በታች ነው። በስልክሽ ካሜራ ከሩቅ አቅርበሽ ፊቱንም ተመልከች፦ ኮተንማውዝ ከዓይኑ ወደ መንጋጋው የሚያልፍ ሰፊ ጥቁር መስመር አለው፣ ብሌኑም እንደ ድመት ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነው። የውሃ እባብ ብሌኑ ክብ ነው፤ ከንፈሩ ላይ ቁልቁል የወረዱ ጥቁር ጭረቶች አሉት።

ሲጠጉት የውሃ እባብ ጠልቆ ያመልጣል። ኮተንማውዝ ግን ብዙ ጊዜ ባለበት ተጠቅልሎ ጅራቱን እያርገበገበ አፉን ይከፍታል፤ ውስጡ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነው። ማስጠንቀቂያው ነውና ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ በዪ።

ልጆችሽን በተለይ ስለ ኮተንማውዝ ግልገል ንገሪያቸው፤ የጅራቱን ቢጫ ጫፍ እንደ ትል እያወዛወዘ እንቁራሪት ያጠምድበታል፣ ሲወለድ ጀምሮም መርዝ አለው።

ከነከሰ 911 ደውዪ፤ እብጠቱ ሳይቀድም ቀለበትና ሰዓት አውልቂ። ማሰር፣ መብጣት፣ መምጠጥ፣ በረዶ ማድረግ ጉዳቱን ያባብሳል።