ጀግና ነው ይሉታል፣ ሌሊት ግን ይጮኻል

«ባለቤቴ ባድመ ዘምቶ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ጀግናው ነው የሚለው። ማታ ግን አረቄ ካልቀመሰ አይተኛም። ሌሊት እየጮኸ ይነሳል። ባለፈው ልቀሰቅሰው ስነካው አንገቴን አነቀኝ። ሲነቃ አለቀሰ። ጠርሙሱን ልደብቅበት?»

እህቴ፣ ከሌሊቱ ልጀምር። ከእንግዲህ በእጅሽ ነክተሽ አትቀስቅሺው። መብራት አብሪ፣ በእግሩ በኩል ራቅ ብለሽ ቁሚና በስሙ ጥሪው። «እኔ ነኝ፣ ቤትህ ነህ» በዪው። በዚያች ሰዓት እሱ ያለው ምሽግ ውስጥ ነው። ቻዪው ማለቴ ግን አይደለም። ነቅቶ እያለ እጁን ካነሳብሽ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ ወደ ዘመድ ሂጂ። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለም ዛሬውኑ ይውጣ።

አረቄው እውነትም ያስተኛዋል። ስካሩ ሲበርድ ግን፣ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ፣ እንቅልፉ ይሰባበራል፤ ቅዠቱም ብሶበት ይመጣል። እሱን ለመርሳት በማግስቱ አንድ መለኪያ ይጨምራል። ቢሆንም ጠርሙሱን አትደብቂ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ሊሞትም ይችላል። መጠጡን የሚያቆመው በሐኪም ክትትል ይሁን። ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ወደ አእምሮ ሐኪም ይልኳችኋል። ጠበል ልጠመቅ ካለ ይጠመቅ፣ የታዘዘለትን መድኃኒት ብቻ አያቋርጥ።

እኔን የሚያሳስበኝ ያ «ጀግና» የሚሉት ነገር ነው። በ1990 በተጀመረው በዚያ ጦርነት ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። እኔ ጋ የሚመጡ የቀድሞ ወታደሮች የራሳቸውን ጀብዱ አያወሩም። የሚያወሩት «ውሃ» እያለ እጃቸው ላይ ስለሞተው ጓደኛ ነው። አንዱ የሟች ጓደኛውን ቀበቶ እስከ ዛሬ ይታጠቃል፤ ሚስቱ እንኳ የማን እንደሆነ አታውቅም ነበር። «ጀግና አይፈራም» እየተባለ ይህን ለማን ይናገረዋል? ፍርሃቱን ይዞ ወደ አረቄ ቤት ይሄዳል እንጂ።

ይህ ፈሪነት አይደለም፣ ሕመም ነው። አሜሪካኖች ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮቻቸውን ስቃይ አይተው በ1980 እ.ኤ.አ. ከአእምሮ ሕመሞች ተርታ መዝግበውታል። ሃያ ዓመት አልፎትም ይታከማል።

አንድ ጠዋት፣ ሳይጠጣ፣ ቡና አፍዪለት። ስንት ሰው እንደገደለ አትጠይቂው፤ ማንም አይጠይቀው። «ከጓደኞችህ ማንን ነበር አብልጠህ የምትወደው?» በዪው። ዝም ካለ አትጫኚው። ቶናውን ቅጂለትና ሌላ ቀን ጠይቂው።