ለቃሚዎቹ የሰሙት ነፃነት

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ «ፊደል ያልቆጠረ የእርሻ ሠራተኛ የራስ አስተዳደር እንዴት ይገባዋል?» ብሎ ጻፈልኝ። ታሪክ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝና በሁለት መስመር ልገላገለው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። ተማሪ ሳለሁ ያስተማሩን አንድ ህንዳዊ መምህር ትዝ አሉኝ።

አንድ ቀን መጽሐፉን ዘግተው ስለ ቻርጎላ ይነግሩን ጀመር። ቻርጎላ ያኔ እንግሊዞች ይገዟት በነበረችው ሕንድ፣ በአሳም ግዛት ውስጥ የነበረ የሻይ እርሻ ሸለቆ ነው። በሜይ 1921 እ.ኤ.አ. በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ልጆቻቸውን ይዘው፣ የጋንዲን ስም እየጠሩ ወጡ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሻይ ገበያ ወድቆ ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ እንኳን አልበቃ ብሏል፤ ውሉን ጥሎ የሄደውን የሚያሳስረው የ1859 ሕግም አልተሻረም። እስከ ካሪምጋንጅ በእግር ተጓዙ፤ ከዚያም ወደ ትውልድ አገራቸው የሚያሻግራቸው የወንዝ መርከብ ወዳለበት ወደ ቻንድፑር በባቡር ዘለቁ። እዚያ ታገዱ። በሜይ 20 ሌሊት ጉርካ የሚባሉት፣ ከኔፓል ለእንግሊዝ ጦር የተመለመሉ ወታደሮች በባቡር ጣቢያው የተኙትን እየደበደቡ አባረሩ። ኮሌራም ገባባቸው። የባቡርና የመርከብ ሠራተኞች ከእነሱ ጎን ቆመው ሥራ አቆሙ።

እዚህ ላይ አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ፈተና ላይ ይመጣል?» አለ። መምህሩ ዝም ብለው መጽሐፉን ገለጡ። ቀጥሎ ምን ሊሉ እንደነበር የጠየቀ የለም። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ አገራቸው ሄዱ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የቀረውን ከመጻሕፍት ቃረምሁ። ጋንዲ ሠራተኞቹ እርሻውን ጥለው እንዲወጡ አልመከርሁም፣ ትግላችን ከባለሀብት ጋር አይደለም ብለዋል። አልፈርድባቸውም፤ አገር የሚያህል ሸክም ነበረባቸው። ግን ደግሞ እፈርዳለሁ። ሻይ ለቃሚዎቹ የጋንዲ መንግሥት ሲመጣ መሬት እናገኛለን ብለው ነበር፤ የተማረው ሰው ይህን የመሃይም ወሬ ይለዋል። እኔ አልለውም። ያለ አሠሪው ፈቃድ ወደ አገሩ መመለስ ለማይችል ሰው፣ ዴልሂ ላይ ማን ይቀመጣል የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ብዙ አንብቡ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ግን የመሪን ንግግር በስልክ ቆርጣችሁ ስትቀባበሉ፣ አዳማጩ ምን እንደሰማ የሚጠይቅ አላይባችሁም። የእኛስ ትውልድ «መሬት ለአራሹ» ሲል አራሹን ስንቴ ጠየቀው?

ቻንድፑር ዛሬ ባንግላዴሽ ውስጥ ናት። በኦገስት 2022 እ.ኤ.አ. የዚያች አገር የሻይ ሠራተኞች የቀን ክፍያቸው ከ120 ታካ ወደ 300 ከፍ እንዲል ሥራ አቁመው ነበር፤ 170 ተወሰነላቸው። ጠያቂው ልጄ ጥናቱን ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።