መልስ፦ ገለልተኛ አገር መድፍ የሚሸጠው ለምንድን ነው?

ስለ ስዊድን የጦር መሣሪያ ንግድ የተሠራውን ዘጋቢ ፊልም ካዩ በኋላ፣ «ከ1814 ወዲህ ጦርነት ያልገጠመ አገር ለምን መድፍ ይሸጣል?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ቱሉ ዲምቱ፣ መብራት ሁለት ጊዜ እየተቋረጠብን፣ ከጎረቤቶቼ ጋር ተመልክቼዋለሁ። (ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሁለቱ ነገሮች የሚጋጩ ይመስላሉ እንጂ አንዱ ሌላውን የወለደ ነው። ከየትኛውም ጎራ አልወግንም ያለ አገር በክፉ ቀን መሣሪያ የሚያቀብለው ስለማይኖር፣ አውሮፕላኑንም መድፉንም በራሱ ፋብሪካ መሥራት ይፈልጋል፤ ሠራዊቱ ግን ትንሽ በመሆኑ የምርምሩንና የማምረቻውን ወጪ ብቻውን አይችለውም፤ ስለዚህ የውጭ ገዢ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። በስዊድን ሕግ መሣሪያ ወደ ውጭ መላክ በመርህ የተከለከለ ሲሆን፣ የሚሸጠው በልዩ ፈቃድ ብቻ ነው።

ፈቃድ መኖሩ ግን ንግዱን ንጹሕ አላደረገውም። ህንድ በ1986 ከስዊድኑ የጦር መሣሪያ አምራች ቦፎርስ የአፈሙዛቸው ስፋት 155 ሚሊ ሜትር የሆነ 410 መድፎች ለመግዛት ተዋዋለች፤ በዓመቱ የስዊድን ሬዲዮ ለውሉ ጉቦ እንደተከፈለ ዘገበ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ራጂቭ ጋንዲም ይኸው ቅሌት ባጠላበት የ1989 ምርጫ ሥልጣን አጡ። ይህን ስንነጋገር አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን ቡናቸውን እየቀዱ «ደላላውስ ስንት ደረሰው?» አሉ። በመሬት ሽያጭ የተፈተነ ሰፈር የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ የህንድ መርማሪዎችም ለዓመታት የደከሙት ይህንኑ ለማወቅ ነበር።

ስዊድን በ2024 ኔቶን ስለተቀላቀለች፣ «ገለልተኛ» የሚለውን ቃል ዛሬ በኃላፊ ጊዜ ቢጠቀሙበት ይሻላል።