የአባላት መዝገብ፣ ደረሰኝና የቅዳሜ ሥራ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የጫካ የእግር መንገዶችን የሚጠግን አንድ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት በሳምንት 20 ሰዓት የአባላት ጉዳይና የፕሮግራም ረዳት አድርጎ ሊቀጥረኝ ነው። የሚከብደው የትኛው ሥራ ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ሲመጡ «በነጻ አግዢን» ብለውኛል። እሺ ልበል?

መልስ፦ የሚከብደው መዝገቡ ነው። አባል የሚቀየመው በትንሽ ነገር ነውና እድሳቱን ይጠንቀቁ። የአባልነቱ ጊዜ ጁን 30 የሚያበቃ ሰው ሜይ 1 ቢያድስ፣ አዲሱ ዓመት መቆጠር ያለበት ከጁን 30 ነው። ከከፈለበት ቀን ከተቆጠረ ቀድሞ በመክፈሉ ሁለት ወር ይቀማል። የቤተሰብ አባልነት ላይ የእኛ ሰዎች ስም ያስቸግራል፤ ሚስት በአባቷ ስም ስለምትጠራ ኮምፒውተሩ ባልና ሚስቱን ሁለት ቤት ያደርጋቸውና ሁለት የእድሳት ደብዳቤ ይልካል። ከማዋሃድዎ በፊት አድራሻና ስልክ ያመሳክሩ፤ የተሳሳተ ውህደትን መፍታት ጣር ነው።

ደረሰኝ ሲጽፉ ሕጉን ይወቁ። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ የሰጠ ሰው ግብር ከሚከፍልበት ገቢው ላይ ለማስቀነስ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። በምላሹ ያገኘው ነገር መኖር አለመኖሩ እዚያው ይጻፍ። 300 ዶላር ከፍሎ 60 ዶላር የሚያወጣ እራት ከበላ፣ የሚያስቀንሰው 240 ብቻ ነው፤ ክፍያው ከ75 ዶላር ስለሚበልጥ ድርጅቱ ይህን በጽሑፍ የመንገር ግዴታ አለበት። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ የተላከ ቼክ ጃንዋሪ 4 ቢደርስም ለሰጪው የሚቆጠርለት በላከበት ዓመት ነው። ስለዚህ ፖስታውን አይጣሉ፤ ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን ከቼኩ ኮፒ ጋር ያያይዙት።

የቅዳሜውን ነገር አጥብቀው ይያዙ። በፌዴራሉ የሥራ ሕግ፣ ድርጅቱ በደመወዝ የሚያሠራዎትን ዓይነት ሥራ ለዚያው ድርጅት በነጻ መሥራት አይፈቀድም። ሰው መመዝገብና ፕሮግራም ማስተናገድ የእርስዎ ሥራ ስለሆነ ይከፈልዎታል። «ቅዳሜ 5 ሰዓት ከሠራሁ፣ በዚያው ሳምንት ሐሙስ 5 ሰዓት ልቀንስ» ብለው ከመፈረምዎ በፊት ይስማሙ፤ በጽሑፍ ይሁን።

ቅዳሜ ጠዋት ማንም ዶማ ሳይነካ የኃላፊነት ቅጹን ያስፈርሙ፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ ይፈርማል። ዶማና መጥረቢያ ትከሻ ላይ አይደረግም፤ ስለቱ ወደ ታች ሆኖ በእጅ፣ በቁልቁለቱ በኩል ይያዛል፤ የያዘው ሰው ቢንሸራተት ወደዚያው ይጥለዋል። በሠራተኞች መካከል ቢያንስ 3 ሜትር ይኑር። መሣሪያውን ሲወጣም፣ ሰው ከመበተኑ በፊትም ይቁጠሩ፤ ቅጠል ሥር የተረሳ የእጅ መጋዝ ሰኞ ዕለት ፈልገው አያገኙትም።